14 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ለምን እንግዳ ሆኖ ይሄዳል? የዋይልድ ካርድ ክርክር ከነመልሶቹ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ጥሎ ማለፍ ነው። እግር ኳስ ብቻ የምትከታተሉ ሰዎችም አትሂዱብኝ፣ ነገሩ የፍትህ ጉዳይ ስለሆነ ይመለከታችኋል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

በ2024 የውድድር ዘመን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ከ17 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። ሎስ አንጀለስ ራምስ ያሸነፈው 10 ነው። በዋይልድ ካርዱ ዙር፣ ማለትም በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር፣ ሲገናኙ ግን ባለሜዳ የተባለው ራምስ ነበር። ለምን? ራምስ ምድቡን በአንደኝነት ስለጨረሰ፣ ቫይኪንግስ ደግሞ በራሱ ምድብ ከዲትሮይት ላየንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ስለወጣ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ምድቡን ያሸነፈ ቡድን ጥሎ ማለፍ መግባቱ ይከበርለት፣ እሱ ላይ ጸብ የለኝም። ሜዳው ግን ብዙ ላሸነፈው ይሰጥ። የማይስማማ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

መጡ። እንዴት መጡ! ክሩ ስለረዘመና መሃል ላይ ስድብ ቢጤም ስለገባበት፣ ለዘገዩ ሰዎች መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ።

መልስ 1 የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ነው። አጻጻፋቸው ዕድሜያቸውን ስለሚናገር ሁሉም ጋሼ እያለ ነው ያዋራቸው። ጋሼ ክርክሩ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ለአዲስ ሰው መሠረቱን አስቀመጡ። ሊጉ 32 ቡድን አለው። ኤኤፍሲና ኤንኤፍሲ በሚባሉ ሁለት ኮንፈረንሶች ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ 16 ቡድን። ኮንፈረንሱ ደግሞ አራት አራት ቡድን የያዙ አራት ምድቦች አሉት፤ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምዕራብ። መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ከየኮንፈረንሱ 7 ቡድን ያልፋል። አራቱ የምድብ አሸናፊዎች ናቸው፣ እርስ በርስ በውጤታቸው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ይደረደራሉ። ምድባቸውን ካላሸነፉት ውስጥ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሦስቱ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ሆነው ይገባሉ። ዋይልድ ካርድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። 1ኛው ያርፋል። 2ኛው 7ኛውን፣ 3ኛው 6ኛውን፣ 4ኛው 5ኛውን በሜዳው ይቀበላል። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ የመልስ ጨዋታ የለም፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። በሁለቱ ኮንፈረንስ ስድስት ጨዋታ ይሆናል፤ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት፣ ሰኞ ማታ አንድ።

ይሄን ካስረዱ በኋላ በእኔ አቋም እንደማይስማሙ በትህትና ጠቅሰው፣ ምክንያቱን ሌላ ሰው እስኪናገረው እንደሚጠብቁ ጻፉ። አስተማሪ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቁጥር 2 አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ሰው ነኝ ባይ ነው፣ ኤንኤፍኤልን ገና መከታተል ጀምሯል። 1ኛው ማረፉ ምን ይጠቅመዋል፣ ጨዋታ ሳይጫወት መቆየቱስ አይጎዳውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 3 በሻምፒዮንስ ሊግ አስረዳው። በአዲሱ አሠራር ከ36 ቡድን የመጀመሪያዎቹ 8 በቀጥታ ወደ 16ቱ ያልፋሉ፣ ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት ደግሞ መጀመሪያ እርስ በርስ ይፋለማሉ። ማረፉም ያው ነው፤ የተጎዱ ተጫዋቾች ይድናሉ፣ አንድ የመሸነፊያ አጋጣሚም ይቀነሳል። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ከየኮንፈረንሱ ሁለት ቡድን እንደሚያርፍ ጨመረበት።

ቁጥር 4 ወዲያው አረመው። ሁለት የሚያርፈው እስከ 2019 ነበር። ከ2020 ጀምሮ በየኮንፈረንሱ አንድ ተጨማሪ ዋይልድ ካርድ ሲገባ 2ኛው እረፍቱን አጣ። ይህችው ሴት ታሪኩን ቁጭ ብላ አወራችልን። በ1970 ኤንኤፍኤልና ተቀናቃኙ ኤኤፍኤል ሲዋሃዱ በየኮንፈረንሱ ሦስት ምድብ ነበር። ሦስት አሸናፊ ይዘህ ግማሽ ፍጻሜ ማጫወት አይቻልም፣ አራተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛ ከወጡት ውስጥ ምርጡን ጨመሩ። በ1978 ሁለት ሆኑ፣ በ1990 ሦስት። በ2002 ምድቦቹ አራት ሲሆኑ ዋይልድ ካርዱ ወደ ሁለት ወረደ፣ በ2020 እንደገና ሦስት። ከክሩ ሁሉ ለእኔ በጣም የጠቀመኝ መልስ ይሄ ነው፤ ነገሩ የሒሳብ ክፍተት ለመሙላት ተጀምሮ፣ በኋላ ግን ተጨማሪ ጨዋታ ማለት ተጨማሪ የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደሆነ ገባቸው። የመጨረሻው ሐሳብ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።

ቁጥር 5 አጭር ነበር። የጥሎ ማለፉ ሰንጠረዥ እንደ ዓለም ዋንጫ ከመጀመሪያው የተሳለ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደሚገናኝ ቀድሞ እንደሚታወቅ ጻፈ። ቁጥር 6 ይሄ ስህተት መሆኑን በራሱ በዚያው ዓመት አሳየው። ከዋይልድ ካርዱ ዙር በኋላ ቡድኖቹ እንደገና ይደረደራሉ። ያረፈው 1ኛ ከተረፉት ውስጥ በደረጃ የመጨረሻ የሆነውን ያገኛል። በ2024 ኤንኤፍሲ ውስጥ 2ኛው ፊላደልፊያ ኢግልስ 7ኛውን ግሪን ቤይ ፓከርስን 22 ለ 10 ጣለ። 4ኛው ራምስ 5ኛውን ቫይኪንግስን አስወጣ። 6ኛው ዋሽንግተን ኮማንደርስ ደግሞ 3ኛውን ታምፓ ቤይ ባካኒርስን በራሱ በታምፓ ሜዳ አሸነፈው። የተረፉት 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ ስለሆኑ ያረፈው ዲትሮይት 6ኛውን ዋሽንግተንን አገኘ፣ ፊላደልፊያ ራምስን። ዋሽንግተን ባይችል ኖሮ ዲትሮይት የሚያገኘው ራምስን ይሆን ነበር። ለ1ኛው የተሰጠ ሽልማት ነው መባሉ ነው እንግዲህ። ዲትሮይት በሽልማቱ 45 ለ 31 ተሸነፈ።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የሞቀው። ቁጥር 7 ሚኒያፖሊስ የምትኖር የቫይኪንግስ ደጋፊ ናት። ረጅም ጻፈች፣ ነጥብ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ግን ያልገባኝ አንድም ነገር የለም። መደበኛው ውድድር ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ሚኒሶታም ዲትሮይትም 14 አሸንፈው 2 ብቻ ተሸንፈው ነበር። የመጨረሻውን ጨዋታ እርስ በርስ ተጫወቱ። ያሸነፈ 1ኛ ሆኖ ያርፋል፣ ሜዳውም እስከ ፍጻሜው፣ እስከ ሱፐር ቦውል ድረስ የሱ ነው። የተሸነፈ በአንድ ምሽት 5ኛ ሆኖ ከሜዳው ውጪ ይጫወታል። ልዩነቱ በ1ኛና በ2ኛ መሃል ሳይሆን በ1ኛና በ5ኛ መሃል ነው ማለት ነው። ዲትሮይት 31 ለ 9 አሸነፈ። በእሷ እምነት አራት ወር ሙሉ የተሠራ ሥራ በአንድ ሌሊት ዋጋ ማጣት የለበትም። ከሳምንት በኋላ የሆነውን ስትተርክማ ሲያልቅ አያምር እንደሆነባቸው ከነእንባው ነው።

ቁጥር 8 አላዘነላትም። ሎስ አንጀለስ የሚኖር የራምስ ደጋፊ ሲሆን ምላሱ ስለት ነው። በመጀመሪያ ጨዋታው ሎስ አንጀለስ እንዳልተደረገ አስታወሰን። በዚያ ሳምንት ከተማዋ በእሳት ስለምትነድ ጨዋታው ወደ አሪዞና፣ ግሌንዴል ተዛውሯል። ስለዚህ ራምስ ሜዳውን አልተጠቀመም። ውጤቱ 27 ለ 9። የሚኒሶታ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ሳም ዳርኖልድ ኳሱን እንደያዘ 9 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል፤ በጥሎ ማለፍ ታሪክ ከዚያ በላይ የተጣለ የለም፣ እኩል የሆኑ አሉ እንጂ። እንደ ቁጥር 8 አባባል ይሄን ያደረገው ሣሩ አይደለም። ለእኔም ደርሶኛል፤ የተሸነፈ ቡድን ጠበቃ መሆኔ ተነገረኝ።

ቁጥር 9 የራሴ ነው። ደንብን በአንድ ጨዋታ ውጤት መመዘን አይቻልም አልኩ። ቫይኪንግስ መጥፎ ተጫወተ፣ አዎ። የአሪዞናው ነገር ግን የእሳት አደጋ ያመጣው አጋጣሚ እንጂ የደንቡ ሥራ አይደለም። ደንቡ ያዘዘው ሎስ አንጀለስ ነበር።

ጋሼ ሲጠብቁት የነበረው መልስ በቁጥር 10 መጣ። ጸሐፊው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ነው የሚኖረው፣ እስከ ዛሬ በእኔ ላይ ከተሰነዘሩት ሁሉ ጠንካራው የሱ ነው። ቡድኖቹ አንድ ዓይነት ፕሮግራም አይጫወቱም። ከ17ቱ ጨዋታ 6ቱ ከራሱ ምድብ ሦስት ቡድኖች ጋር ነው፣ በሜዳውና ከሜዳው ውጪ። 4ቱ ከራሱ ኮንፈረንስ አንድ ሌላ ምድብ ጋር፣ 4ቱ ከሌላኛው ኮንፈረንስ አንድ ምድብ ጋር። የቀሩት 3 ደግሞ ባለፈው ዓመት በየምድባቸው እሱ በወጣበት ደረጃ ከወጡ ቡድኖች ጋር ናቸው። ስለዚህ በአንድ ምድብ ያለ 14 እና በሌላ ምድብ ያለ 10 በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በትክክል ሊወዳደሩ የሚችሉት የአንድ ምድብ አራቱ ቡድኖች ብቻ ናቸው፣ ፕሮግራማቸው ሊመሳሰል ምንም አይቀረውም። ምድብን ማሸነፍ ዋጋ የተሰጠው ለዚህ ነው ይላል። ጋሼ በቁጥር 11 ብቅ ብለው አጨበጨቡለት።

መልሱን ወድጄዋለሁ፤ ግን ጎዶሎ አለው። ፕሮግራሙ የማይወዳደር ከሆነ ዋይልድ ካርዶቹን በምን እየመረጥናቸው ነው? በሌላ ምድብ ያለን ቡድን በሌላ ምድብ ካለ ቡድን ጋር በአሸናፊነት ብዛት እያነጻጸርን አይደለም እንዴ? የምድብ አሸናፊዎቹንስ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የምንደረድራቸው በዚያው አይደል? ይሄን በቁጥር 12 ጠየቅኩ። መልስ አልመጣም፤ ሰውየው ሥራ ገብቶ ነው መሰለኝ።

ቁጥር 13 ሲያትል ነው። የዚህ ሰው መልስ ለማን እንደሚከራከር አይታወቅም፣ ብቻ ያወራዋል። በ2010 ሲያትል ሲሃውክስ 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደ። ከግማሽ በታች አሸንፎ! ያም ሆኖ 11 ያሸነፈውን፣ ያለፈውን ዓመት ባለ ዋንጫ ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስን በሜዳው አስተናገደ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2011። ሲያትል 41 ለ 36 አሸነፈ። መጨረሻው ላይ ማርሻውን ሊንች ኳሱን ይዞ 67 ያርድ ሮጠ፤ ያልያዘው ተከላካይ የለም፣ ያስቀረው ግን አልነበረም። ሕዝቡ ሲዘል አጠገብ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ መዘገበው። ሰውየው ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ እንደነበረና ጆሮው እስከ ማግስቱ እንደጮኸበት ይናገራል። በዚያች ከተማ ሁለት ሚሊዮን ሰው ስታዲየሙ ውስጥ ነበርኩ ይላል መሰለኝ፣ ለማንኛውም አምነነዋል።

ቁጥር 14 ይሄንኑ ምሳሌ ለእኔ አቋም አዋለው። ከግማሽ በታች አሸንፎ ሜዳ ማግኘት አንድ ጊዜ የሆነ ተአምር አይደለም። ካሮላይና ፓንተርስ በ2014 7 አሸንፎ፣ 8 ተሸንፎ፣ አንድ አቻ ወጥቶ 11 ያሸነፈውን አሪዞናን አስተናገደ፣ 27 ለ 16ም አሸነፈ። ዋሽንግተን በ2020 በ7 ድል፣ ታምፓ በ2022 በ8 ድል እንዲሁ አስተናገዱ፤ እነዚህ ሁለቱ ተሸንፈዋል። ቁጥር 8 ተመልሶ ከአራቱ ሁለቱ ካሸነፉ ደካማ ቡድኖች አይደሉም ማለት ነው አለን። ቁጥር 14 በበኩሉ ማሸነፋቸው ሜዳው ስንት እንደሚያግዝ የሚያሳይ ማስረጃ መሆኑን መለሰለት። አንዱን መረጃ ሁለቱም ለየራሳቸው ወሰዱት።

ቁጥር 17 ቦስተን ነው፣ የሱ እንባ ደግሞ ሌላ ነው። በ2008 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎድቶበት እንኳ 11 አሸነፈ፤ ግን ጭራሽ አላለፈም። ከማያሚ ጋር እኩል ሆኖ ምድቡ በመለያው ለማያሚ ሄደ፣ ዋይልድ ካርዱን ደግሞ እንደሱ 11 ያሸነፈው ባልቲሞር ወሰደው። በዚያው ዓመት ሳንዲያጎ ቻርጀርስ 8 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ምድቡን ስላሸነፈ ገባ። ገብቶም 12 ያሸነፈውን ኢንዲያናፖሊስን በሜዳው በጭማሪ ሰዓት 23 ለ 17 ሸኘው። ቁጥር 17 ስለ ሜዳ የሚከራከሩ ሰዎች ቢያንስ የሚጫወቱት ነገር እንዳላቸው ጠቅሶ ሰላም ተመኘልን።

ከ18 እስከ 21 ያለው ሌላ ጸብ ነው። ቁጥር 18 ዋይልድ ካርድ ሆኖ ዋንጫ የወሰደ ስለሌለ ክርክሩ ከንቱ መሆኑን በሙሉ ልብ ጻፈ። ቁጥር 19 ዝርዝሩን ዘረገፈችበት። መጀመሪያ ኦክላንድ ሬይደርስ በ1980። ከዚያ ዴንቨር በ1997፣ ባልቲሞር በ2000፣ ፒትስበርግ በ2005፣ ኒው ዮርክ ጃየንትስ በ2007፣ ግሪን ቤይ በ2010፣ ታምፓ በ2020። ፒትስበርግና ግሪን ቤይ 6ኛ ሆነው ነው የገቡት። ጃየንትስ ደግሞ ሦስት ጨዋታ ከሜዳው ውጪ አሸንፎ፣ በፍጻሜው 18 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ኒው ኢንግላንድን 17 ለ 14 ጣለው። የቦስተኑ ሰውዬ ይሄን ሲያይ ዝም አለ። ታምፓ ሦስቱን ከሜዳው ውጪ አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን በራሱ ስታዲየም ተጫወተ፤ ከዚያ በፊት በራሱ ሜዳ ሱፐር ቦውል የተጫወተ ቡድን የለም። ቁጥር 20 ካንሳስ ሲቲ በ1969 ሊጨመር ይገባል አለ፣ በምድቡ ሁለተኛ ወጥቶ ነው ዋንጫ የወሰደው። ቁጥር 21 ያኔ ውህደቱ ገና እንዳልሆነና በድሮው ሊግ ከየምድቡ ሁለተኛው ያልፍ እንደነበረ ጠቅሶ ተቃወመ። ሁለቱ ስለ 1969 የተጨቃጨቁትን ዘልዬዋለሁ፣ ስድብ ያልኳችሁም እዚያ ነው፤ አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጥፍቷል።

የአዲስ አበባው ልጅ በቁጥር 24 ተመልሶ መጣ። ሁለት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ እንደ እግር ኳስ በግብ ልዩነት አይለዩም ወይ አለ። ቁጥር 25 በትዕግሥት አስረዳው። በሁለት ቡድኖች መሃል ለዋይልድ ካርድ ሲሆን መጀመሪያ እርስ በርስ ተጫውተው ከሆነ ያሸነፈው ይቀድማል። ካልሆነ በኮንፈረንሳቸው ውስጥ ያላቸው ውጤት ይታያል። ቀጥሎ ሁለቱም ከገጠሟቸው የጋራ ተጋጣሚዎች ጋር ያላቸው ውጤት፣ ቢያንስ አራት ጨዋታ ካለ። ከዚያ ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ፣ ከዚያ የፕሮግራማቸው ክብደት። ነጥብ ቆጠራው በጣም ወደ ታች ነው የሚመጣው። የመጨረሻው መጨረሻ ሳንቲም ነው፤ ዘውድና ጎፈር። ልጁ ሳንቲሙን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ለሳቅማ ቁጥር 26 አለ። ይሄን ታሪክ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ጃንዋሪ 9 ቀን 2022፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ፣ ቻርጀርስ ከሬይደርስ በላስ ቬጋስ። በዚያው ቀን ኢንዲያናፖሊስ ሳይጠበቅ በጃክሰንቪል 26 ለ 11 ስለተሸነፈ አንድ ጉድ ተፈጠረ፤ ሁለቱ አቻ ቢወጡ ሁለቱም ያልፋሉ፣ ፒትስበርግ ይቀራል። ሳይነካኩ ቆመው ሰዓቱን ቢጨርሱት ሁለቱም ገቡ ማለት ነው! ሰው ሁሉ ሲቀልድ ዋለ። ጨዋታው ግን ተሟሙቆ ቻርጀርስ በአራተኛው ሩብ 15 ነጥብ ከመመራት ተነስቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ አቻ አደረገው። ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ 38 ሰከንድ ሲቀረው፣ አቻው እጅ ላይ ሊገባ ሲል፣ የቻርጀርስ አሰልጣኝ ጨዋታውን አስቆመ። ሬይደርስ በመጨረሻዋ ኳስ ከ47 ያርድ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትታ በቋሚዎቹ መሃል የምታልፍ ኳስ) መትቶ 35 ለ 32 አሸነፈ። ሬይደርስም ፒትስበርግም አለፉ። ያ አሰልጣኝ ለምን እንዳስቆመ ዛሬም ሰው ይከራከራል፣ እዚህ ክር ላይም ሦስት መልስ ወጥቶበታል።

ከ30 በላይ ስንደርስ ክሩ ወደ ሆድ ዞረ። አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይልድ ካርድ ከሱፐር ቦውል የሚሻልበትን ምክንያት ጻፈች፤ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በገናና በጥምቀት መሃል ነው፣ ጾሙ ተፈቷል፣ ዶሮው አለ። በ2025 ሱፐር ቦውሉ ፌብሩዋሪ 9 እሑድ ሲውል በማግስቱ ጾመ ነነዌ ገባ፤ የተረፈው የዶሮ ክንፍ ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ይሄኛው መልስ ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ አግኝቷል። የእኔ የፍትህ ጥያቄ አጠገቡም አልደረሰ።

ቁጥር 33 አሌክሳንድሪያ ያለ የዋሽንግተን ደጋፊ ነው፣ ታክሲ እየሠራ ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማል። በታምፓው ጨዋታ ዛክ ማለቴ አይደለም፣ ዜን ጎንዛሌዝ በመጨረሻዋ ሰከንድ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ስትገባ መኪናውን ዳር አቁሞ እንደወረደ ተናገረ። 23 ለ 20። ዋሽንግተን በጥሎ ማለፍ ሲያሸንፍ ከጃንዋሪ 2006 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፣ ያውም በጀማሪው ኳርተርባክ በጄይደን ዳንኤልስ። በዚያ ሳምንት ከነበሩት ስድስት ጨዋታዎች እንግዳ ሆኖ ያሸነፈው ዋሽንግተን ብቻ መሆኑንም አስታወሰን። እኔ የሱን ቡድን በራሴ ደንብ አስልቼ ነገርኩት። ደረጃው በድል ብዛት ቢሆን ኖሮ 12 ያሸነፈው ዋሽንግተን 4ኛ ሆኖ 11 ያሸነፈውን ግሪን ቤይን በሜዳው ያስተናግድ ነበር። ሰውየው አመስግኖ እምቢ አለ፤ ታምፓ ይሻለኛል ባይ ነው፣ ያለቀ ነገር አትነካካብኝ ዓይነት።

የዳላስ ካውቦይስ ደጋፊ ሳይጋበዝ በቁጥር 34 ገባና ዋሽንግተን በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በፊላደልፊያ 55 ለ 23 መሸነፉን አነሳ። ተሳስቶ ነው የገባው። ወዲያው አራት ሰው ጃንዋሪ 14 ቀን 2024ን አነሳበት። ዳላስ 2ኛ ሆኖ፣ በሜዳው 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ 7ኛውን ግሪን ቤይን ተቀብሎ 48 ለ 32 ተሸነፈ። 7ኛ ሆኖ የገባ ቡድን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። የዳላሱ ሰው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የአዲስ አበባው ልጅ ስለ ሰዓቱ ጠይቆ ራሱ መለሰው። በምሥራቅ አሜሪካ እሑድ ቀን 7 ሰዓት የሚጀመረው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስለሆነ ይቻላል። የማታው ግን ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ዋሽንግተንና ዲትሮይት የተጫወቱት ልክ በከተራ ሌሊት ነበር፣ በእኛ ሲጀመር የጥምቀት ንጋት። ጃንሜዳ ታቦቱ ጋ ሆኖ ስልኩን በነጠላው ሸፍኖ ውጤት ሲያይ እናቱ እንደያዙት ተናዘዘ። ጋሼ ተቆጡት። እውነታቸውን ነው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥር 41 ነው። ያላወቃችሁት ነገር፣ እኔ የምለውን ራሱ ዲትሮይት ላየንስ በ2025 ለሊጉ በይፋ አቅርቦታል፤ የምድብ አሸናፊ መግባቱ ይቀጥል፣ ደረጃው ግን በውጤት ይሁን ብሎ። ያቀረበው የተጎዳው ሚኒሶታ አይደለም፣ የተጠቀመው ዲትሮይት ነው። ለመጽደቅ ከ32 ባለቤቶች የ24ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ድጋፉ ስላልበቃ በሜይ ወር ራሱ ዲትሮይት ሐሳቡን አነሳው። ቁጥር 41 ምክንያቱን በራሱ ግምት ሲያስቀምጥ፣ ደካማ ምድብ ውስጥ ያለ ባለቤት አንድ ቀን በ9 ድል ሜዳ አገኛለሁ የሚለውን ተስፋ በገዛ እጁ አይሰጥም ይላል። እኔም እንደሱ ነው የማስበው።

ቁጥር 43፣ ያችው ታሪክ አዋቂዋ፣ ማስታረቂያ አመጣች። የምድብ አሸናፊ ከግማሽ በታች ካሸነፈ ሜዳውን ይጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ካሸነፈ ይያዝ። የ2010፣ የ2014፣ የ2020ና የ2022 ዓይነቱ ነገር ይቀራል። ጋሼ ተስማሙ። የአውሮራው ሰውዬ ከሥራ ወጥቶ ተስማማ፣ ጥያቄዬን ግን አሁንም አልመለሰም። ቁጥር 8 እንኳ ሳይሳደብ ተስማማ። የሲያትሉ ብቻ የ2010ን ጨዋታ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሰርዝበት ዋስትና ጠየቀ።

ሁሉም እየተጨባበጠ እያለ የአዲስ አበባው ልጅ በቁጥር 49 አንድ ነገር ጠየቀ። ራምስ 10 አሸንፎ 7 ነው የተሸነፈው፣ ከግማሽ በላይ። ታዲያ በዚህ ማስታረቂያ ቫይኪንግስ አሁንም እንግዳ ሆኖ አይደለም እንዴ የሚሄደው? ነው። ምንም አልተቀየረም። ቁጥር 8 ለመስማማት ያልተቸገረው ለካ ይሄን ቀድሞ ስላየ ነው። የሚኒያፖሊሷ ልጅ በቁጥር 50 ድምፅዋ ተቃውሞ ተብሎ እንዲያዝላት አስታወቀች። የእኔም እዚያው ይያዝ።